ጎመን አትብሉ የተባላችሁ፦ ስንት ጭልፋ? እንዴት የተሠራ?

ባሶና 27 (ክሩን የከፈተ)

«ጎመን ይቅርብህ» የሚለው ምክር በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ለሁሉም የሚታደል ሆኗል። የልብ ቫልቭ ያስቀየረ ይባላል፣ እንቅርት የወጣበት ይባላል፣ ጨጓራው የሚያቃጥለው ይባላል፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበትም ይባላል። አራቱ በሽታዎች የተለያዩ ናቸው፤ ክልከላው ግን አንድ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ጎመን የተከለከለ ሰው ደግሞ ገበታው ላይ የሚቀረው ሽሮና ድንች ብቻ ነው። ስለዚህ ለማን፣ ስንት፣ እንዴት የተሠራ የሚለውን እዚህ በቁጥር እናስቀምጠው።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። የሀበሻ ጎመን (ዘሩን ጎመንዘር የምንለው)፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊና ሰናፍጭ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ቆስጣ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ የቀይ ሥር ዘመድ ነው። ይህን አለመለየት ብዙ ስሕተት አምጥቷል፣ ወደ ታች እንደርስበታለን።

እኔ የልብ ቫልቭ ያስቀየሩ ሰዎች በሚወስዱት ደም ማቅጠኛ፣ በዋርፋሪን ልጀምር። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬ ደም የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች እንዳያነቃ በመከልከል ነው። ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው። በ100 ግራም ስናሰላው፣ የበሰለ የቅጠል ጎመን ወደ 400 ማይክሮግራም፣ የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ወደ 110፣ የበሰለ ቆስጣ ከ300 በላይ አለው። ካሮት 15 አይሞላም፣ ድንች ከቁጥር አይገባም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ90 እስከ 120 ነው። ስለዚህ «ጎመን ተከልክያለሁ» ብሎ ወደ ቆስጣ የሚዞር ሰው ያመለጠው ነገር የለም።

ዋናው ጉዳይ ግን መዋዠቁ ነው። በቅበላ ሳምንት ሥጋ ብቻ ይበላል፣ ሰኞ ሁዳዴ ሲገባ በቀን ሁለቴ ጎመን ይጀመራል። የደም ማቅጠኛው ልኬት (አይ ኤን አር) ይወርዳል፣ ቫልቩ ላይ ደም የመርጋት አደጋ ይመጣል። ሐኪሙ ልኬቱን አይቶ መድኃኒቱን ይጨምራል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፤ ጎመን ከገበታ ይጠፋል፣ የተጨመረው ክኒን ግን እንዳለ ነው። አሁን ልኬቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መድማት ይከተላል። ሰዉ «የፋሲካ ሥጋ ጎዳው» ይላል። የጎዳው የጎመኑ በድንገት መቋረጥ ነው።

ሲስተር ዘደብረ ሲና

ባሶና እግዚአብሔር ይስጥህ፣ የጾሙን ነገር አንስተህ ዋናውን ነክተኸዋል። አሠራሩን ልጨምር።

ቤት ያለውን ጭልፋ አንድ ጊዜ በሚዛን ለኩት። ባቄላ የሚቸረችረው ባለሱቅም ቢሆን ይመዝንላችኋል። ባዶውን መዝኑ፣ ጎመን ሞልታችሁ መዝኑ፣ ልዩነቱን ጻፉ። ከዚያ «በቀን አንድ ጭልፋ» ስትሉ ስንት ግራም እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ያንኑ መጠን በጾምም በፍስክም ይያዝ። በየቀኑ አንድ ጭልፋ ከሆነ በፋሲካም ከዶሮው ጎን ትቀመጥ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነም ሦስት ቀን ትሁን፤ የሚያስፈልገው መደጋገሙ ነው።

ጾም ከመግባቱ በፊት ለክትትል ክፍሉ ንገሩ፤ ከገባ በሳምንቱ ይለካ፣ ከፋሲካ በሳምንቱም ይለካ። ለብዙዎቹ የሚፈለገው አይ ኤን አር ከ2 እስከ 3 ነው፣ የብረት ማይትራል ቫልቭ ላለው ከ2.5 እስከ 3.5። የራሳችሁን ክልል ካርዳችሁ ላይ አጽፉ። ክኒኑን በራሳችሁ ከፍ ዝቅ አታድርጉ።

አፋጣኝ ምልክቶች፦ ጥቁር ሰገራ፣ 10 ደቂቃ ተይዞ የማይቆም ነስር፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ይህ የመድማት ወገን ነው። በሌላ ወገን የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ መዛል፣ ንግግር መያዝ። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ደረቱ ውስጥ የሚሰማው «ጠቅ ጠቅ» ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም።

የሞላሌ ገብስ

እንቅርቱንስ? እኛ ዘንድ «ጎመን አንገት ያሳብጣል» ይባላል። ደግሞ ብዙ ቤት ወጥ የሚጨምረው አሞሌ ቀጥቅጦ ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ?

ላብራቶሪ ጫጫ

ይገናኛሉ፣ እንዲያውም መልሱ ያለው አሞሌው ላይ ነው።

የጎመን ዘመዶች ውስጥ ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ድኝ ያላቸው ንጥረ ነገሮች አሉ። ቅጠሉ ሲከተፍ ወይም ሲታኘክ፣ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ በሌላ ክፍል ተለይቶ የተቀመጠ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይገናኛቸውና ይሰባብራቸዋል። ሰናፍጭ በደረቁ ሲፈጭ ያን ያህል የማይሸት፣ ውሃ ሲነካው ግን አፍንጫ የሚሰነጥቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኢንዛይሙ ውሃ ይፈልጋል። ከሚወጡት ነገሮች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ታዮሳያኔት፣ አዮዲን አንገት ላይ ወዳለው ታይሮይድ ዕጢ (ሲያብጥ እንቅርት የምንለው) እንዳይገባ ይሻሙታል። ጎይትሪን የሚባለው ደግሞ ዕጢው ውስጥ ሆርሞን እንዳይሠራ ያውካል።

እንግዲህ ዕጢው በቂ አዮዲን ካለው ይህ ሽሚያ አያሸንፈውም። አዮዲን በጎደለበት ግን ትንሹም ይከብዳል። ደጋው ላይ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ስላጠበው አዮዲን ትንሽ ነው፣ ከእህሉም አናገኘውም። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250 ይፈልጋሉ። ይህ የሚመጣው ከጨው ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በመንግሥት ደንብ ተደንግጓል፤ አሞሌ ግን አዮዲን አልተጨመረበትም። አሞሌውን ለከብት ተዉት፣ ለወጥ አዮዲን ያለውን ተጠቀሙ።

አዮዲን ያለው ጨውም ክፍት ሣህን ላይ ምድጃ ዳር ከተቀመጠ በእርጥበት፣ በሙቀትና በፀሐይ እያለቀ ይሄዳል። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከእሳት ራቅ አድርጉት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። አታጥቡት፣ አትቁሉት።

ጎመኑስ? መቀቀል ኢንዛይሙን ይገድለዋል፣ ግሉኮሲኖሌቱም ወደ ውሃው ይወጣል። ደብረ ብርሃን በ2,840 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ይበቃል። እንቅርት ላለበት ሰው የበሰለ ጎመን በተለመደው የገበታ መጠን አይከለከልም። ጥሬውን በብዛት፣ በተለይ ጭማቂውን፣ ይተው። ምን ያህል ብዛት? እ.ኤ.አ. በ2010 በሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጉዳይ አለ፦ የ88 ዓመት ሴት ለስኳር ይበጀኛል ብላ ቦክ ቾይ የሚባለውን የቻይና ጎመን ጥሬውን በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ለብዙ ወራት በልታ፣ ታይሮይዷ ሥራ አቁሞ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። ከአንድ ጭልፋ ጋር አታወዳድሩት።

የታይሮይድ ክኒን (ሌቮታይሮክሲን) የሚወስድ ደግሞ በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጠው፣ ከምግብም ከቡናም በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቅ። ክኒኑ አልሠራም ብለው ጎመኑን የሚከሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ከቡናው ጋር መዋጣቸው ነው።

ምጣድ ላይ

ስለ መቀቀሉ አንድ ነገር ልቃወም። ቅጠሉን እንዳለ ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ውሃውን ደፍቶ ከዚያ መክተፍ የሚባለው የቆየ አሠራር ለጤነኛ ሰው ኪሳራ ነው። ቫይታሚን ሲና ፎሌት ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ስለሆኑ አብረው ይደፋሉ። ፎሌት ደግሞ ለነፍሰ ጡር ትልቅ ነገር ነው።

የተሻለው፦ ቅጠሉን እጠቡ፣ ወፍራሙን አገዳ ለዩት፣ ቀጭን አድርጋችሁ ክተፉ። ሽንኩርቱን በጥቂት ዘይት አቁላሉ፣ ለአንድ ኪሎ ጎመን አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ጨምሩና መጀመሪያ 5 ደቂቃ ክፍት አድርጋችሁ ጠረኑን አስወጡ፣ ከዚያ ክደኑት። ለጋ ቅጠል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ያረጀ የደጋ ቅጠል እስከ ግማሽ ሰዓት። ሊወርድ ሲል ግማሽ ሎሚ ጨመቅ። ሎሚው የጤፉንና የምስሩን ብረት ሰውነት እንዲስበው ያግዛል፤ ቡናውንና ሻዩን ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ብረቱን ይይዙታል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የመታው ጎመን ጣፋጭ መሆኑንም አስተውሉ። ተክሉ ብርዱን ለመቋቋም ስኳር ስለሚያበዛ ነው፤ ለልጆች ለማስለመድ ጥሩ ጊዜ ነው።

ላብራቶሪ ጫጫ

@ምጣድ ላይ ትክክል ነህ፣ ለጤነኛ ሰው ያንተ ይሻላል። በብዙ ውሃ ቀቅሎ መድፋት የሚጠቅመው እንቅርት ኖሮበት በየቀኑ ብዙ ጎመን ለሚበላና ፖታሲየም ለተከለከለ የኩላሊት ሕመምተኛ ነው።

ሮቢት አትክልት

ጥሬ ጥቅል ጎመን ለሚበሉ። የኮሶ ትል ከጎመን አይመጣም፣ ከጥሬ ሥጋ ነው። ከጎመን የሚመጡት ወስፋት፣ አሜባ፣ ጃርዲያና ታይፎይድ ናቸው፤ መነሻቸው የከተማ ፍሳሽ በገባበት ወንዝ የሚጠጣ ማሳና ያልበሰለ ፍግ ነው።

ጥቅሉን ከውጭ ብቻ ማጠብ አይበቃም። ሦስት ወይም አራት የውጭ ቅጠል ልጣችሁ ጣሉ። ከዚያ ከሥሩ በኩል ግንዱን ቆርጣችሁ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ነጥሉ። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚጣበቅበትን ጉድጓድ እዩት፤ ጥቁር አሸዋ፣ ግራጫ የክሽክሽ ቅማል ከነነጭ ዱቄቱ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ትል የሚገኘው እዚያ ነው። እዚያ ጣታችሁን አስገብታችሁ በሚወርድ ውሃ እሹት። የወስፋት እንቁላል የሚጣበቅ ስለሆነ ነክሮ ማውጣት አያራግፈውም፣ መታሸት አለበት።

የውጭ ቅጠሉ ላይ ፀረ ተባይም ይቀራል። የምታመርቱ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን ቀን ጠብቁ፤ ለገበያ ቀን ብላችሁ ከትናንት ወዲያ የተረጨ አትቁረጡ። የላጣችሁትንም ለላም በቅርጫት አትስጡ። ጎመን ብዙ የበላ ከብት ደሙ ይሟሟል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ ወተቱም ይሸታል።

የጠራ ልጅ

እኛ አቼቶና በረኪና አንድ ላይ ጨምረን ነው የምንነክረው፣ ሁለቱም ስለሚገድል። ስሕተት ነው?

ሮቢት አትክልት

ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳትደግመው! በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ኩሽና ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ዓይን ካቃጠለና ካሳለ ወዲያው ወደ ውጭ ነው።

አቼቶም ጨውም ለብቻቸው ወስፋትንም አሜባንም አይገድሉም። በረኪና የሚጠቅመው ለባክቴሪያ ነው፦ ሽታና ቀለም የሌለው፣ 5 በመቶ የሚል የተጻፈበት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በፈላ ወይም በታከመ ውሃ ማለቅለቅ። ከታጠበ በኋላ ነው የሚነከረው፣ ጭቃ ካለ ክሎሪኑ በጭቃው ላይ ያልቃል። የወስፋትን እንቁላል ግን በረኪናም አይበግረውም። የሚገድለው ሙቀት ብቻ ነው። ውሃው የማይታመን ከሆነ፣ ትንሽ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች፣ ጎመኑን አብስሉት።

ሲስተር ዘደብረ ሲና

ስለ ጨጓራ ማንም ስላልጻፈ፦ የጥቅል ጎመን ጭማቂ ቁስል ይፈውሳል የሚለው ወሬ ያለ መነሻ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1949 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሐኪም ለ13 ሕመምተኞች በቀን አንድ ሊትር ያህል አጠጥቶ ቁስላቸው ቶሎ ዳነ ብሎ ጽፏል። ያኔ ግን የጨጓራ ቁስል ዋና መንሥኤ ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑ አልታወቀም ነበር፤ ያን ያገኙት ሁለት አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመውበታል። ዛሬ መመርመርና የታዘዘውን ፀረ ባክቴሪያ እስከ መጨረሻው ቀን መጨረስ ነው። አንድ ሊትር ጥሬ ጭማቂ ለእንቅርተኛውም ለዋርፋሪኑም ሰው አደጋ መሆኑን ከላይ አይታችኋል፣ ሆድም ይነፋል።

የበሰለ ጎመን ግን ቁስሉን አያባብስም። የሚያቃጥለው አብሮት የሚመጣው ቃሪያና ዘይት ነው ብዙ ጊዜ።

የሞላሌ ገብስ

የሆድ መንፋቱስ? ምን ቢደረግ ይቀንሳል?

ምጣድ ላይ

ጎመን ውስጥ ራፊኖስ የሚባል ስኳር አለ። ትንሹ አንጀት የሚሰብርበት ኢንዛይም ስለሌለው ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ እዚያ ባክቴሪያ ያብላላዋል፣ ጋዝ ይሆናል። ድኙ ሲጨመርበት ይሸታል። በሽታ አይደለም፣ ግን ያስቸግራል።

ጎመን ያልለመደ ሰው በሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጀምር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨምር። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይለምዱታል። የሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት ሁሉም ሆዱን የሚይዘው ከቅበላ ሥጋ በአንድ ሌሊት ወደ ጎመን፣ ሽሮና ባቄላ ስለሚገባ ነው። አንድ ማታለያ አለ፦ አልጫው ውስጥ ያሉት ቀይና ነጭ ሽንኩርትም ያንኑ ያህል ጋዝ ያመጣሉ። ጎመኑን ከመወንጀላችሁ በፊት አንድ ቀን ያለ ሽንኩርት፣ በእርድና በዝንጅብል ብቻ ሠርታችሁ ሞክሩት። ካልነፋችሁ ጥፋተኛው ሽንኩርቱ ነው።

ባሶና 27

አሁን ወደ ኩላሊት ጠጠር፤ ቆስጣን መለየት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ብዙው ጠጠር የካልሲየም ኦክሳሌት ነው። ቆስጣና ስፒናች ኦክሳሌት የበዛባቸው ናቸው፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን ግን ትንሽ ነው ያላቸው። በዚያም ምክንያት የጎመን ካልሲየም በደንብ ወደ ሰውነት ይገባል፤ የስፒናች ካልሲየም ከ20 እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው የሚገባው። ጠጠር ላለበት «አረንጓዴ ቅጠል በሙሉ ይቅር» ማለት ጥፋቱን ከሌለበት ላይ መጫን ነው። ቆስጣውን ቀንሱ፣ ጎመኑን ብሉ፣ ውሃ ጠጡ።

ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ የሚፈራው ፖታሲየም ነው። 100 ግራም ጥቅል ጎመን 170 ሚሊግራም አካባቢ አለው፣ ድንች ከ400 አያንስም። አልጫው ውስጥ አደጋው ድንቹ ነው፤ ድንቹን ቀንሳችሁ ጥቅል ጎመኑን አብዙት።

ላብራቶሪ ጫጫ

ስለ ጎመንዘር ካላነሣን ጎደሎ ይሆናል። የሀበሻ ጎመን ዘር ዘይቱ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ኤሩሲክ አሲድ የሚባል ስብ ነው። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የልብ ጡንቻ ላይ ስብ አከማችቷል፤ በዚህ ምክንያት ነው ካኖላ የሚባለው ዘይት ኤሩሲኩ ከ2 በመቶ በታች ከወረደ ዝርያ የሚጨመቀው። ለምጣድ ማሰሻ የምትወቀጠዋ ቁንጥር አታሳስብም፣ አብዛኛው ተቃጥሎ ነው የሚሄደው። ሰናፍጭም በማንኪያ ጫፍ ከሥጋ ጋር ምንም አይደለም። የማልደግፈው የጎመንዘር ዘይት በጀሪካን ገዝቶ የዘወትር ወጥ ማብሰያ ማድረጉን ነው።

ካንሰርን በሚመለከት፦ ጎመን አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች አንዳንድ ካንሰር ያንሳቸዋል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ ግን ሰዎችን አይቶ መቁጠር እንጂ መድኃኒትነቱን ያረጋገጡ አይደሉም። ሕክምና አቋርጦ ጎመን መብላት የሚባለውን እዚህ ማንም እንዳይጽፍ እለምናለሁ። ከዚህ ወገን የምትጠቅም አንዲት ብልሃት ግን አለች። ብሮኮሊ ሲበስል ኢንዛይሙ ይሞትና ሰልፎራፌን የሚባለው ጠቃሚ ነገር በደንብ አይወጣም፤ ከበሰለ በኋላ ጥሬ የሰናፍጭ ዱቄት ጣል ቢደረግበት የሰናፍጩ ኢንዛይም ይተካዋል። ሳህኑ ላይ ነው የሚነሰነሰው፣ ድስቱ ውስጥ ከገባ እሱም ይሞታል።

የጠራ ልጅ

ስለ በረኪናው አመሰግናለሁ፣ ዛሬውኑ ለቤት ነግሬያለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለሕፃን ከስንት ወር ነው? የትናንቱን ጎመን አሙቆ መስጠትስ?

ሲስተር ዘደብረ ሲና

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። ከ6 ወር በኋላ በደንብ የበሰለ፣ በወንፊት የታሸ ለጋ ቅጠል፣ በሁለት የሻይ ማንኪያ ተጀምሮ ገንፎው ላይ ዘይት ጠብ ተደርጎ ይሰጣል፤ ዘይቱ የጎመኑ ቫይታሚን ኤ እንዲሳብ ነው። ጥሬ አይሰጥም። አገዳው ይወገድ፣ ያንቃል።

የትናንቱን አትስጡ። ቅጠል ውስጥ ናይትሬት አለ፤ የተሠራው ጎመን ውጭ ሲያድር ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ናይትራይት ደግሞ የሕፃኑ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከንፈርና ጥፍር ሰማያዊ ከሆነ ሩጫ ነው። ማሞቅ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ናይትራይቱን አይመልሰውም። «የደብረ ብርሃን ብርድ ፍሪጅ ነው» እንዳትሉኝ፤ ውጭው ቢበርድም ድስቱ የሚያድረው ምድጃው የሞቀበት ቤት ውስጥ ነው። ለሕፃን የአንድ ጊዜ ብቻ ይሠራ። ለአዋቂ ፍሪጅ ካለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይግባና እስከ ሁለት ቀን፣ ፍሪጅ ከሌለ በዚያው ቀን ይበላ።